ውኃ ያልጠጣችው መድፍ

የአውቶቡስ ጋራዡ ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። ሥራው በንፋስ የሚከፈቱትን በሮች መጠገን ነው፤ ፌርማታ ላይ «ጢሽሽ» ብለው የሚከፈቱትን፣ ተሳፋሪው ገና እግሩን ሳያሳርፍ የሚዘጉትን። አንድ በር ሲሰንፍ ሌሎቹ መካኒኮች የሳሙና አረፋ ይዘው ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀባሉ፤ ንፋስ በሚያመልጥበት በኩል አረፋው ይፈላልና። ጆሮ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ መኪናውን አንዴ ይዞረዋል። ይቆማል። በአገጩ ይጠቁማል። «እዚያ ጋ፣ ከመታጠፊያው ሥር።» ይፈቱታል። እዚያው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ በሆዷ ስትሰድብህም ሳትሰማ አትቀርም» ይለዋል አለቃው።

«እሷ በሆዷ አትሳደብም» ይላል ጆሮ። «ያለችውን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። በእነሱ ሳሎንና በእኔ መኝታ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ከመሆኑ የተነሳ፣ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» እል ነበር። ከዚያ ግቢ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የአውቶቡስ በር ሲተነፍስ በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ትዝ የሚለኝ እሱ ነው፤ ያውም በዚያ ባፈረበት ሰሞን እንደነበረው ሆኖ። አብዛኛውን የነገረኝ ራሱ ነው። መጨረሻውን አብሬ ቆሜ አይቻለሁ።

ጆሮ ትርፍ ጊዜውን የሚያጠፋው በሌላ ንፋስ ነበር። እሱና ጥቂት ጓደኞቹ በተጨመቀ ንፋስ ቡሽ የሚተኩሱ ትንንሽ መሣሪያዎች ይሠራሉ። በቀልድ «መድፍ» ይሏቸዋል። አንዷ መድፍ ከክንድ አትበልጥም፤ ከኋላ ንፋሱ የሚጠራቀምባት ወፈር ያለች የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ከመሃል ቫልቭ፣ ከፊት ቀጭን አፈሙዝ። በብስክሌት መንፊያ ትነፋለች፣ ቡሽ ትጎርሳለች፣ ቫልቩ ሲለቀቅ «ጷ!» ትላለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ካቆመ የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ይሰበሰቡና ሽቦ ላይ ያንጠለጠሏቸውን ባዶ ጣሳዎች ያንቃጭላሉ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከወንበር ሲነሱ ወገባቸውን የሚይዙ ሰዎች ናቸው። ጣሳ ሲመታላቸው ግን ወገቡም ሽበቱም ይረሳል፤ ይዘላሉ።

«የሰው ባል ጠርሙስ ይዞ ይገባል» ትላለች ሚስቱ። «የኔው ቡሹን ብቻ ይዞ ይገባል። ጠርሙሱን ማን እንደጠጣው እንኳ አያውቅም!»

ሕጋቸውን ያወጣላቸው ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሕጉ አንድ ነው። አዲስ መድፍ ንፋስ ከመቅመሷ በፊት ውኃ ትጠጣለች። ሳፋ ውስጥ ተነክራ፣ ውስጧ አንድ አረፋ እንኳ እስከማይቀር ድረስ በውኃ ትሞላለች፤ ከዚያ በመንፊያው ግፊቱ እሑድ ከምትተኩስበት በላይ እስኪሆን ይጨመርባታል። «ንፋስ ሲጨመቅ እንደ ተጫነ የአልጋ ሞላ ነው፤ ያመለጠ ዕለት የያዘውን ይዞ ይወጣል» ይላል መምህሩ። «ውኃ ግን አይጨመቅም። ቧንቧው ቢሰነጠቅ ጠብ ይላል፤ አለቀ።» ሌላም ነገር ነበረ። የሚያጠጣት ሠሪዋ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። «እኔ በሥራ ዘመኔ የልጄን ፈተና አርሜ አላውቅም» ይላል መምህሩ፣ ለምን ሲባል።

እሑድ እሑድ አዲስ መድፍ ብቅ ስትል መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው፦

«ጠጥታለች?»

«ጠጥታለች።»

«ባለቤቷስ?»

«እሱ እናንተን ሲገላገል ይጠጣል።»

አብዛኛውን ጊዜ አጠጪው ጆሮ ነበር። የጠጣችውን መድፍ ከሚስቱ በወሰደው የጥፍር ቀለም ወገቧ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርላታል። ያን መስመር ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ቀለሟን ሸሚዝ ኪሱ ይዞ መዞሩን ለምዶ፣ አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ዱብ ብትልበት መካኒኮቹ ለሳምንት «እመቤት» እያሉ ሲጠሩት ከረሙ።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ሱቅ እስኪከፍት ድረስ የኖረው እነጆሮ ቤት ነው። ጆሮን «ጋሼ» ነው የሚለው፤ አባት ለማለት ምንም ያህል አይቀረው። ከእሑድ ወደ እሑድ እየተከተለ ቡሽ ሲለቅም ቆይቶ በመጨረሻ የራሱን መድፍ ሠራ። የልብስ ሰፊ ሥራ መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ቧንቧዋን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሐር አልስልሶ፣ መያዣዋን ከአሮጌ ጃኬት በተቆረጠ ቆዳ ሸፍኖ፣ ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፍቶታል። ቅዳሜ ጧት ይዟት መጣ።

«ጋሼ፣ አጠጣልኝ። ነገ ጉድ ላሳያቸው።»

«አስቀምጣትና ሂድ። ማታ ውሰዳት።»

ሳፋው ውስጥ ግን ሚስቱ ብርድ ልብስ ዘፍዝፋለች። ጆሮ ሳፋውን አየው። ብርድ ልብሱን ማውጣት፣ ውኃውን መድፋት፣ እንደገና መሙላት፣ ከዚያ ደግሞ «ማን ነካብኝ» የሚለውን ጣጣ መስማት። መድፏን ወንበር ላይ ተቀምጦ ትንሽ ነፋት። ወደ ጆሮው አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት ትንፋሽ አታመልጥም፤ ጭጭ። እንዲህ የተዋጣላት መጋጠሚያ አላየሁም ብሎ በልቡ አደነቀ። ቀለሟን ከኪሱ አወጣ፤ አሰመረ።

የሚያመልጥ ንፋስ ድምፅ አለው። በደንብ ያልያዘ መጋጠሚያ ግን እስኪለቅ ድረስ ድምፅ የለውም። ይህን ጆሮ ያውቃል፤ ለሌሎቹም ያስረዳቸው እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው ማታ ሲመጣ ከበሩ ሳይገባ፣ «ጠጣች፣ ጋሼ?» አለ።

«ጠጣች።»

በማግስቱ፣ ገና በሦስተኛው ተኩስ፣ መድፏ በልብስ ሰፊው እጅ ውስጥ ፈነዳች። የፕላስቲኩ ስባሪ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ሥር ቀደደው፤ መቀስ የሚይዝበትን። ደሙ የሰፋው ቆዳ ላይ ፈሰሰ። ከጓደኞቻቸው አንዱ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሸሚዙን አውልቆ አሰረለት፣ መምህሩ ታክሲ ጠራ። ጆሮ ቆሞ ያያል። ጆሮው ይጮህበታል፤ ሌላ ምንም አይሰማም።

ሐኪሙ ሰፋለት። «የሱ ስፌት ከኔ ስፌት ይከፋል» አለ ልብስ ሰፊው ፋሻውን እያሳየ፣ ሊያስቃቸው ብሎ። እህቱ ግን አልሳቀችም።

«ድሮም ጥድፊያህ ነው! ልጅ እያለህ ሾርባ ሳይበርድ ጠጥተህ ምላስህን የምትጠብስ! አሁን ደግሞ ማስቲሹ እስኪደርቅ መጠበቅ አቃተህ?» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ባታይለት ኖሮማ ዓይኑን ነበር የሚያጣው።»

ጆሮ አቀርቅሮ የተረፈው የፋሻ ጥቅል መሬት ላይ ሲንከባለል አየ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

የዚያን ዕለት መናገር ይቻል ነበር። በማግስቱም ይቻል ነበር። እኔም የገባኝ እሱ ሲነግረኝ ነው፤ አሳፋሪ ነገር ባደረ ቁጥር ሁለት ይሆናል፤ ያደረግኸውና ዝም ያልከው። ሚስቱ በየቀኑ ሾርባ በፔርሙዝ እያስያዘች ወደ ወንድሟ ትልከዋለች፤ እሱም እንደ ታማኝ ተላላኪ ይዞ ይሄዳል።

ከነዚህ ቀናት ባንዱ ልብስ ሰፊው ፔርሙዙን ሲቀበለው ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«ጋሼ፣ አሳፈርኩህ።»

«ምን አልክ?»

«አንተ አይተህ፣ ቀለምህን ቀብተህባት… ከወሰድኳት በኋላ ነካክቼባት ይሆናል። ወይ ጥዬያት ይሆናል፤ እኔ እንደሆንኩ እንዝህላል ነኝ። አሁን ሰው ያንተን እጅ ነው የሚጠረጥረው።»

ጆሮ አፉን ከፈተ። «ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለ።

ከዚያ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ በየት በኩል እንደሄደ አያውቀውም። ኋላ ሲነግረኝ እንኳ እዚህ ቦታ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ።

የጡብ ፋብሪካው ጀርባም አልተሻለም። ቧንቧ ሠራተኛው ጣሳ እያንጠለጠለ፣ «ልብስ ሰፊ ከኮሌታና ከኪስ ወጥቶ ምን አግብቶት!» ይላል። «ማስቲሽ እንደ ክር የሚበጠስ መስሎት ነው?» መምህሩ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነስቶታል። ከዚያ በላይ ግፊት በውኃ የቻለች መድፍ በዚህ ግፊት እንዴት ትፈነዳለች? ፀሐይ አድርቋት ይሆን? ፕላስቲኩ ከፋብሪካው የታመመ ይሆን? ስባሪውን ቤቱ ወስዶ በማጉያ መነጽር ሲያገላብጥ ሰነበተ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ያስተማረውን ፊዚክስ ጠረጠረ እንጂ ጆሮን አልጠረጠረም።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አልገባ ብሎኛል» አለው። «አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔም አልገባኝም» አለ ጆሮ።

የልብስ ሰፊው ቁስል ዳነ፤ ክሩ ወጣለት። ሐኪሙ «ጣትህን አሠራው፣ በራሱ ይፈታል» ብሎ አሰናበተው። እህቱ የኮቷ ገበር ተቀዶባት ስለነበር ጆሮን ኮቱን አስይዛ ላከችው። ጆሮ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ግራጫ ጨርቅ ዘርግቷል። ይለካል። በጠመኔ ያሰምራል። መልሶ ይለካል። መቀሱን ያነሳል፤ ጨርቁ ጫፍ ላይ ያደርሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጨርቁን አጥፎ በበሩ በኩል ብቅ አለና አጠገቡ ባለው ሱቅ ለምትሠራው ልብስ ሰፊ ሴት ሰጣት።

«እባክሽ ቆራርጪልኝ።»

ሴትየዋ ጨርቁን ተቀብላ፣ ልብስ ሰፊው ወደ ውስጥ ሲመለስ ጆሮን በክንዱ ያዘችው።

«ጋሼው አይደለህ? ኧረ ምከረው። እጁ እኮ ድኗል። የኔን ማሽን ጠግኖልኛል በዚያው እጁ። የሚፈራው መቁረጥ ሲሆን ነው። ‹እጄን አላምነውም› ይለኛል። እጁን የማያምን ሰፊ ምን ሊሆን ነው፣ ዘበኛ?»

ጆሮ ገባ። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊው ካውያውን እያሞቀ ነበር።

«መድፏ ውኃ አልጠጣችም» አለ ጆሮ።

«የቷ?»

«ያንተ። በጆሮዬ ነው ያየኋት። ጠጣች ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ልብስ ሰፊው ካውያውን ቀስ ብሎ አቆመው። ሶኬቱን ነቀለ። ጊዜ ወስዶ ገመዱን ጠቀለለ።

«ለምን?»

«ሳፋው ውስጥ ብርድ ልብስ ተዘፍዝፎ ነበር።»

«ብርድ ልብስ።»

«ባልዲም ነበረ፤ በሱ ላጠጣት እችል ነበር» አለ ጆሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከውጭ የሴትየዋ መቀስ ጨርቁን ሲቆርጥ ይሰማል።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሾርባ ስታመላልስ…»

«አዎ።»

«እህቴ ስታበሻቅጠኝ አጠገቧ ቁጭ ብለህ…»

«አዎ።»

«እኔ አሳፈርኩህ ብዬ ይቅርታ ስጠይቅህ!»

ልብስ ሰፊው የዳነ እጁን ገልብጦ አየው፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለውን ሐምራዊ ጠባሳ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ታዲያ የኔ መጋጠሚያ ደህና ነበረ ማለት ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ፣ ደህና ነበረ» ማለት ይቻል ነበር። የሰማው ሁሉ ደግ ውሸት ይለው ነበር። ጆሮ ግን ከአንዱ ውሸት ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት አልሆንለት አለ።

«አላውቅም» አለ። «ውኃ ብትጠጣ ኖሮ እናውቅ ነበር። አሁን ማንም አያውቅም።»

ልብስ ሰፊው የጠቀለለውን ገመድ ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከስፌት ማሽኑ ሥር ያለውን መሳቢያ ሳበ። ልብስ ሰፊ ነውና ነገር አንድ ብቻ መሥራት አይሆንለትም፤ እጅጌ ሲቆርጥ ሁለት፣ ኪስ ሲቆርጥ ሁለት። መድፏንም ሲሠራ ሁለት ቧንቧ አንድ ላይ ቆርጦ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ፣ በአንድ ቀን አጣብቋቸው ነበር። ሁለተኛዋ ቆዳ ሳትለብስ፣ ቫልቭ ሳይገባላት መሳቢያው ውስጥ ቀርታለች። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ቫልቭ እገጥምላታለሁ። እሑድ ታጠጣታለህ። ሁሉም ባሉበት፣ በራስህ እጅ» አለ። «ለእህቴ ግን ዛሬውኑ ነው የምትነግራት። እኔ አልነግርልህም።»

ያን ምሽት ከግድግዳው ማዶ የጆሮ ድምፅ ዝቅ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ተሰማኝ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ ጩኸቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። ያቺ ለወደቀ ማንኪያ እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር የማታጣ ሴት ምንም አላለችም። ቅዳሜ ጠዋት ጆሮ በሬን አንኳኳ። ፊቱ ሳይታመም የታመመ ሰው ፊት ነበር። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሲጨርስ፣ «ነገ አንተም ና» አለኝ። «ሰው ሲበዛ ይሻላል።» ለማን እንደሚሻል አልጠየቅሁትም።

ሄድን። ሚስቱም መጣች፤ ከባሏ ጎን ሳይሆን ከወንድሟ ጎን ነው የሄደችው። የጡብ ፋብሪካው ጀርባ ሣር የበቀለበት ገላጣ ነው። ጆሮ ሳፋውን ከትከሻው አወረደ፤ ከፋብሪካው ቧንቧ ውኃ በባልዲ እያመላለሰ ሞላው። ላግዝህ ያለው አልነበረም። ሲጨርስ ቀና ብሎ ለቧንቧ ሠራተኛውና ለመምህሩ ነገራቸው። አላስጌጠውም። ብርድ ልብሱን ጭምር ነገራቸው።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። የሚያስበው ስለ ስባሪውና ስለ ማጉያው ይመስለኛል። «ብትነግረኝ ኖሮ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ቧንቧ ሠራተኛው ክንዱ ሥር የያዛትን የራሱን መድፍ ተመለከታት። ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አላት።

«የኔስ?»

«ያንተን አጠጥቻታለሁ» አለ ጆሮ። «እውነቴን ነው።»

«እሺ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። እሺ ይበል እንጂ መድፏን ከክንዱ ሥር አውጥቶ ራቅ አድርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጣት። የጆሮ ዓይን መድፏን ተከትሎ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ሁሉ ውስጥ እኔን የከበደኝ ይህ ነው።

ልብስ ሰፊው ሁለተኛዋን ቧንቧ ለጆሮ ሰጠው። ጆሮ ውኃው ውስጥ ነከራት፤ የመጨረሻው አረፋ እስኪወጣ ጠበቀ፤ መንፊያውን ገጠመ። መምህሩ የግፊት መለኪያዋን ይዞ ተንበረከከ። ጆሮ መንፋት ጀመረ። ሁላችንም እጁን ነው የምናየው፤ ልብስ ሰፊው ብቻ ቧንቧዋን ያያል። ሰውየው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። መጋጠሚያዋ ከቻለች እጁ ንጹሕ ነው። ካልቻለች ግን እህቱ ስትለው የኖረችው ሁሉ እውነት ሊሆን ነው።

የመለኪያዋ መርፌ ወጣች። ወጣች። እሑድ የሚተኩሱበት ግፊት ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት መጋጠሚያዋ ባንድ በኩል «ጥፍ» አለች፤ ሰው ቡናው አቃጥሎት የተፋ ያህል። አንድ ጭልፋ የሚሆን ውኃ ተረጨ፤ የጆሮን ጫማና የልብስ ሰፊውን ሱሪ ጫፍ አራሰ። መርፌዋ ወደ ባዶ ወደቀች። ያ ነበር።

መምህሩ ቧንቧዋን ከውኃው አውጥቶ መጋጠሚያዋን ገለጠ። ማስቲሹ ግማሽ ዙሪያውን ይዟል፤ ግማሹ ጋ ፕላስቲኩ እንደ መስታወት ያበራል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከመጠን በላይ ስለለሰለሰ ማስቲሹ የሚይዘው ነገር አጥቷል። ልብስ ሰፊው ለውበት ሲል ነው ያበላሻት።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«እንዲህ ዓይነቱን ጥፋት ሁላችንም ሠርተናል» አለ መምህሩ። «እኔ ሁለት ጊዜ።»

«የእኔንማ አትቁጠሩት» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «ሙያዬ ሆኖ እንኳ ስንቱን ነው ውኃ ውስጥ ያፈነዳሁት!»

ልብስ ሰፊው የራሰ ሱሪውን አየ። እግሩን አንስቶ አራገፈው።

«በቃ ይኸው ነው?» አለ። ወደ ጆሮ ዞረ። «ጋሼ፣ ይኸው ነበር እንዴ? ሱሪዬ ብቻ ሊረጥብ ነበር?»

«አዎ» አለ ጆሮ።

«መሳሳቱ የኔ ነበር። ስሕተቱን ማግኘቱ ያንተ ነበር።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። መልሶ እግሩን አራገፈና ሳቀ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ቧንቧ ሠራተኛው ተከተለው፣ መምህሩም። እህቱ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ የወንድሟን ሱሪ ልታደርቅ ጎንበስ አለች፤ «ደግሞ ሱፍ ለብሶ ይመጣል፣ አሁን ይሄ ሱፍ የሚለበስበት ቦታ ነው?» እያለች። ከዚያች ምሽት ወዲህ ድምፅዋን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ለባሏ ግን ገና አንዲት ቃል አላወጣችም።

ሰኞ ልብስ ሰፊው አዲስ ጨርቅ ራሱ ቆረጠ፤ ያቺ የሱቅ ጎረቤቱ ናት የነገረችን፣ መቀሱን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አይታዋለች።

ያን እሑድ ግን እዚያ ገላጣ ላይ ሁሉም ሲስቅ ጆሮ መንፊያውን እንደያዘ ቆሟል። ከሳፋው የፈሰሰው ውኃ እግሩ ሥር ተጠራቅሟል። ጫማው ውስጥ ገብቶበታል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢል ደረቅ ሣር አለ። እርምጃዋን አልተራመዳትም፤ ሳቁ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያም ባልዲውን አንስቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ የቧንቧ ሠራተኛውን መድፍ እንደገና ሊያጠጣ ውኃ ለመቅዳት ሄደ።